በመዳፍ የተመረጠው ፓምፕ

ያኔ አዋሳ በምንላት ከተማ በእንጨት ቶርኖ ከእኔ የሚበልጥ ሰው አልነበረም። ይህን ራሴ የምናገረው ሌላ የሚናገር ስለጠፋ ነው፤ የሚያውቁት ሞተዋል፣ ያሉት ይቀናሉ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። አንድ ጣሊያን ጥሎት የሄደውን፣ እንጨት እያሽከረከረ የሚያስልግ ማሽን ፈትቼ እየገጠምኩ ሙያውን ራሴን አስተማርኩ።

በደርግ ጊዜ አናጺዎችን በማኅበር ሲያደራጁን ቶርኖዬም የማኅበሩ ሆነ። ሊቀመንበራችን በአሥር ዓመት የምበልጠው፣ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ዲፕሎማ ይዞ የመጣ፣ መሮ በወጉ መያዝ የማይችል ሰው ነበር። ከመጀመሪያው ቀን ጠላኝ። እኔም አላሳፈርኩትም።

የሐይቁ ዳር ሆቴል የመብራት ማቆሚያ አዘዘን። ከሐይቁ ዳር የወደቀ የሾላ ግንድ መረጥኩ። መበስበስ ሲጀምር ውስጡ ጥቁር መስመር ይሥላል፤ የዚያን ያህል የሚያምር እንጨት የለም። ግን ልል ነው፣ ሁለት ማቆሚያዎች ማሽኑ ላይ ተሰነጠቁብኝ። ሊቀመንበሩ በስብሰባ ላይ ሦስተኛው ከተሰነጠቀ ቶርኖው ለሚስቱ ወንድም እንደሚሰጥ ተናገረ። የክፍሉን ቁልፍም ያን ቀን ተቀበለኝ።

መድኃኒቱን አውቀው ነበር። እንጨቱ የፈላ የተልባ ዘይት ውስጥ ተነክሮ፣ ግጥም ብሎ ከተከደነው በርሜልም ከእንጨቱም አየሩ በፓምፕ ይመጠጣል። ክዳኑ ሲከፈት አየሩ በለቀቀው ቦታ ዘይቱ ይገባል፤ ሲደርቅም እንጨቱ ይጠነክራል።

መናኸሪያ አጠገብ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥ ሰውዬ ዘንድ ከሊቀመንበሩ ጋር ሄደን ሁለት ፓምፖች አገኘን። አንደኛው ከወተት ላም እርባታ የወጣ የማለቢያ ፓምፕ ነው፤ ትልቅ፣ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ። ሁለተኛው ከዓሣ ማቀዝቀዣ ቤት የወጣ፣ የፍሪጅ ጠጋኞች የሚጠቀሙበት፣ ከጫማ ካርቶን የማይበልጥ፣ ዘይት ያላበው አስቀያሚ ነገር ነው።

የከተማችን ሰው የሚያውቀው ፓምፕ ጎማ የሚነፋበትን የጎሚስታውን ብቻ ነበር። ስለዚህ ማንም ፓምፕ የሚመርጥ የአየር መውጫው ላይ መዳፉን ይደቅናል። ሊቀመንበሩም ደቀነ። አረንጓዴው እጅጌውን አርገበገበው። ትንሹ እፍ ያለው ለይምሰል ነው።

"ይሄ ትንፋሽ የለውም" አለ። "ሳንባው ያለቀ በሽተኛ ነው።"

የምፈልገው የሚተፋ ሳይሆን የሚመጥ መሆኑን ነገርኩት። ሻጩ በሲዳምኛ ለጎረቤቱ ስለ እኔ አንድ ነገር ተናግሮ ሣቁ። እኔም በሲዳምኛ መለስኩለት፤ ሣቁ ቆመ።

ወፍራም የሶዳ ጠርሙስ አስመጥቼ ከሻጩ ማንቆርቆሪያ ለብ ያለ ውሃ ጨመርኩበት። አፉን በጎማ ወትፌ በቱቦ ከአረንጓዴው ጋር አገናኘሁት። እየጮኸ ሠራ፤ ውሃው ግን ዝም አለ። ወደ ትንሹ አዞርኩት። ትንሽ ቆይቶ ውሃው ይንተከተክ ጀመር። ጠርሙሱን በእጄ ይዤው ነበር፤ አያቃጥልም። አየር በጣም ሲሳሳ ውሃ ያለ እሳት ይፈላል። ይህን ሽፋኑ ከተገነጠለ የፊዚክስ መጽሐፍ ብቻዬን ተረድቼዋለሁ፤ ባለ ዲፕሎማው ግን አልደረሰበትም።

"የሶዳ ጠርሙስ አይደል እንዴ? የቀረ ጋዝ ነው" አለኝ። ጠርሙሱን ሻጩ ራሱ አጥቦ እንዲሞላው አደረግሁ። እንደገና ፈላ። ሊቀመንበሩ አስማቴን ለሚስቴ እንዳሳያት መክሮኝ የአረንጓዴውን የግዥ ወረቀት ፈረመ።

በዋጋው ፈንታ ብስክሌቴን ለሻጩ ሰጥቼ ትንሹን በትከሻዬ ተሸክሜ ሄድኩ።

ከአንድ ግንድ ሁለት ጉማጅ ተቆረጠ፤ አንዱ በአረንጓዴው፣ አንዱ በትንሹ ዘይት ጠጣ። ሲደርቁ ሊቀመንበሩ ክፍሉን ከፈተና የሚስቱ ወንድም የአረንጓዴውን ቶርኖ ላይ አሰረ። ጥቂት እንደላገው ተፈረፈረ፤ ዘይቱ ከጣት ጥፍር ውፍረት በላይ አልዘለቀም ነበር። የእኔን አሰርኩ። ፍቅፋቂው እንደ ጥብጣብ እየተጠቀለለ ወጣ፤ አንዲት ስንጥቅ አልታየችም።

ማቆሚያውን ሊያይ የሆቴሉ መካኒክ መጣ፤ ፍሪጅ የሚጠግን፣ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ነው። እንጨቱን አገላብጦ አየና ይህን ዘይት ያጠጣውን ፓምፕ ማን እንደመረጠው ጠየቀ።

"እኔ ነኝ" አለ ሊቀመንበሩ፣ አባላቱ ሁሉ ቆመው እየሰሙት።

"እንግዲያው ጓድ ሊቀመንበር፣ እንዴት እንደመረጡት ያሳዩዋቸው" አልኩ።

ሊቀመንበሩ ትንሹን ፓምፕ አስነሣና መውጫው ላይ መዳፉን ደቀነ።

መካኒኩ እጁን ጥቂት አየው። "ጓድ፣ እሱ እኮ የሚተፋበት ነው። የሚመጥበት በዚህ በኩል ነው።"

ማንም አልሣቀም፤ ቢሥቁ ይቀለው ነበር። እጄን ዘረጋሁለት። ሊወጣ ያሰበ ይመስል ወደ በሩ አየ፣ ከዚያ የቶርኖ ክፍሉን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ፊቴን ሳያይ አስጨበጠኝ።

አረንጓዴው ፓምፕ ማኅበሩ እስኪፈርስ ድረስ የወለሉን ሰጋቱራ ሲነፋ ኖረ። ለእሱስ ጎበዝ ነበር።