የሞላሌን ገበያ ለእናቴ ሲያስተላልፉ

አጎቴ ከመጀመሪያዎቹ የብሔራዊ ቡድን ተጫዋቾች አንዱ ነበሩ፤ ኋላም ኳስ በሬዲዮ አስተላለፉ። አገር የሚያውቃቸው በዚህ ነው። እኔ የማስታውሳቸው ግን ሞላሌ፣ ደጃችን ላይ፣ ከእናቴ ጎን ተቀምጠው ነው። ጡረታ ወጥተው ሲመለሱ እናቴን፣ ታናሽ እህታቸውን፣ ዓይኗ ጠፍቶ አገኟት። ከዚያ ወዲህ በገበያ ቀን መንገዱን ያስተላልፉላት ጀመር።

«በግራ በኩል አንዲት ሴት ነጭ በግ ትጎትታለች፤ በጉ እንቢ ብሏል። አሁንማ ተኛ!»

«ሴትዮዋስ፣ ጋሼ?»

«እሷም አጠገቡ ቁጭ አለች።»

እናቴ እንባዋ እስኪመጣ ትስቅ ነበር። «ለምን ይደክማሉ?» ስላቸው፣ «የሚሰማሽ ሰው አያይም፤ መጀመሪያ ኳሷ የት እንዳለች ንገሪው» ይሉኝ ነበር።

ከቀበርናቸው በኋላ በመጣው ገበያ እናቴ እንደ ልማዷ ደጅ ወጥታ ተቀመጠች። ለቀስተኛ ስቀበልና ስሸኝ ሰንብቼ ጉልበቴ ዝሏል፤ ቢሆንም አጠገቧ ተቀምጬ ሞከርኩ።

«ሰዎች ያልፋሉ። አህያ ገብስ ጭኗል። ደግሞ ሌላ አህያ…»

እናቴ እጄን ዳብሳ ያዘች።

«ተይው ልጄ፣ ደክሞሻል።»

ገበያው እስኪበተን ሁለታችንም ጫጫታውን ሰማን።