ለወንድሜ የተተወው ክፍት ቦታ

የልጄ ልጅ ሕሊና ባለፈው እሑድ ከቤቴል መጥታ፣ ለጽዋ ማኅበራችን አባላት ኢሜይል የምጽፍበትን ኮምፒውተር አሰናዳችልኝ። ብራውዘሩ ላይ አንዲት ትንሽ መሣሪያ ጫነች፤ ቃሉን በኮከብ ምልክቶች መካከል ጽፌ አንድ ቁልፍ ስጫን፣ ኮከቦቹ ጠፍተው ቃሉ ደምቆ ይወጣል። ማስተካከያውን ከፍታ ለደማቁ ቃል ቀለም እንድመርጥ ስትጠይቀኝ፣ ቀይ አልኋት።

«አባባ፣ በኢሜይል ቀይ እኮ ቁጣ ነው የሚመስለው! ማኅበርተኞቹ ምን አጠፋን ብለው ይደነግጣሉ።»

«እኛ ዘንድ ቀይ የቅዱሳን ስም ነው፤ የመጽሐፉ ባለቤትም ስም።»

እየሳቀች ቀዩን መረጠች። «በሉ፣ ለሙከራ አንድ ስም ይጻፉ» ብላ ወንበሩን ለቀቀችልኝ። እኔ ግን ሌላ የስም ክፍት ቦታ ትዝ አለኝ።

በወጣትነቴ እዚሁ ኮልፌ፣ ከየኔታ ዘንድ ቁም ጽሕፈት፣ በብራና ላይ መጽሐፍ መጻፍን፣ እማር ነበር። በዚያ ሥርዓት ጥቁሩ ቀለም ይቀድማል፤ ለስሞቹ ክፍት ቦታ እየተተወ ይታለፋል፤ ቀዩ በመጨረሻ ባንድነት ይገባል። እናታችን ለታላቅ ወንድሜ ለበቀለ የጸሎት መጽሐፍ እንድጽፍ አዘዘችኝ። በቀለ አናጺ ነበር፤ ደረቱን ከታመመ ሰንብቷል። የመጽሐፉን ገበታ፣ የእንጨት ሽፋኑን፣ ራሱ ከዋንዛ ጠርቦ፣ ሳሉ ሲያይልበት እያረፈ አለሰለሰው።

በሰኔ፣ የአስኮን መንገድ ጭቃ ረግጦ፣ በጨርቅ የጠቀለለውን ትኩስ ቂጣ ይዞልኝ መጣ። ብራናውን ገለጠና፣

«አንተ ደብተራ፣ የኔ ስም የታለ?» አለኝ።

«ቀዩ ገና ነው። ብራናው እርጥበት ይዟል፤ ክረምቱ ይለፍና መስከረም ሲጠባ እሞላዋለሁ።»

«እስከዚያ ጸሎቱ ለማን ሊደርስ ነው? ባለቤት አልባ እንዳታስቀረው!» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ሳል ሆነ።

በነሐሴ ዐረፈ።

መስከረም ሲጠባ እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወደ የኔታ ቤት መጣች። የኔታ መጽሐፉን ዘርግተው፣ «ክፍቱን ምን እናድርገው፣ እሜቴ?» አሏት።

ክፍቱን ቦታ በጣቷ ዳሰሰችው። «የቀረልኝን ልጅ ስም ይጻፍበት።»

«እማ፣ የእሱ እኮ ነው» አልኋት።

«አውቃለሁ ልጄ። ለሞተ ዕድሜ አይለመንም። ባዶውን ደግሞ ማየት አልችልም። ጻፈው።»

ጻፍሁት። «ዕቀቦ ለገብርከ»፣ ባሪያህን ጠብቀው፣ ከሚለው ጥቁር ሐረግ ቀጥሎ፣ ለእርሱ ለክቼ በተውሁት ስፍራ፣ የገዛ ክርስትና ስሜ ቀልቶ ተቀመጠ። ቀለሙ እስኪደርቅ እናቴ አጠገቤ ቆመች፤ ከዚያም ገጹን ስማ ሄደች።

ለሕሊና ሙከራ የቅዱስ ሚካኤልን ስም ጻፍሁላት፤ በስክሪኑ ላይ አምሮ ቀላ፤ እርሷም አጨበጨበች። እኔ ያንን መጽሐፍ ዛሬም በየማለዳው እደግመዋለሁ። ዕድሜን የሚለምን ጸሎት ነው፤ ልመናውም ተሰምቷል፤ ሸብቻለሁ፣ የልጅ ልጅ አይቻለሁ። የእግዚአብሔርን ፍርድ አልመረምርም። ለበቀለ የለመንሁት ረጅም ዕድሜ በእኔ ሲፈጸም ማየትን ግን እስከ ዛሬ አልለመድሁትም።