ከአስር ሦስት

ፊት ለፊት «እርስዎ» እላታለሁ። ልጆች ካሉ ደግሞ «ቲቸር»። እዚህ ግን አንቱታዬን ደጅ ጥዬ ነው የገባሁት፤ የሆዴን የምናገር ከሆነ እሷ ብዬ ነው የምናገረው። ቅር የሚለው ካለ ቅር ይበለው።

የካቶሊክ ቁምስናችን ሰው ከጀርባዋ «ቀይ እስክሪብቶ» ይላታል። ሠላሳ አንድ ዓመት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሂሳብ አስተምራ ጡረታ ወጣች። የቅዳሜው ትምህርተ ክርስቶስ ግን ጡረታ የለውም፤ እኔ ልጅ ሳለሁም እሷ ነበረች፣ ዛሬም እሷው ነች። አላገባች፣ አልወለደች። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ አንዲት ክፍል አላት፤ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ጠመኔ የሞላበት የብስኩት ቆርቆሮ፣ ግድግዳውን ተደግፎ እስከ መስኮቱ የተቆለለ የስም መጥሪያ መዝገብ። ቅዳሜ ጠዋት አዳራሹ በር ላይ ትቆማለች። ልጆቹ በቁመት ይሰለፋሉ፤ ጥፍር ይታያል፣ መሀረብ ይታያል፣ ያረፈደ ከውጭ ቆሞ አባታችን ሆይን ሦስት ጊዜ ይደግማል።

እውነቱን ካወራን፣ ልጆቻችን ቅዳሜን መንገድ ለመንገድ ሲዞሩ የማይውሉት በሷ ነው። አስሩን ትእዛዛት ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት ይወጡታል። መዝሙር በሁለት ድምፅ ይዘምራሉ። ወጣቶቹ ትንንሾቹን ያስጠናሉ፣ የታመመ ይጠይቃሉ። ይኼን ያቆመችው እሷ ነች፤ ብክድ እግዜር ይታዘበኛል። ብቻ በአንድ እጇ የሠራችውን በሌላው ታፈርሰዋለች፤ ሌላው እጇ ደግሞ እስክሪብቶ የያዘው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመጀመሪያ ቁርባን የሚቀበሉ ልጆች በዋዜማው ቅዳሜ የመጀመሪያ ኑዛዜያቸውን ይናዘዛሉ። ልጅ ቄስ ፊት ሲንበረከክ ይደነግጣል፣ ኃጢአቱ ይጠፋበታል። ስለዚህ በግማሽ ወረቀት ጽፎ፣ አጥፎ ይይዛል። እስከዚህ ደግ ነው፣ የትም ይደረጋል። ቲቸር ግን ወረቀቱን አስቀድማ ትሰበስብና ታርማለች። ከአስር ነጥብ ትሰጣለች። አበስኩ ገበርኩ፣ ኃጢአት ይታረማል? «ዋሸሁ» ብሎ ለጻፈ ልጅ ጎኑ ላይ በቀይ «ለማን? ስንት ጊዜ?» ይጻፍበታል፤ ከአስር ሦስት። ካሟላ በኋላ በንጹህ ወረቀት ይገለብጥና የታረመውን ለሷ ይመልሳል። ስለዚህ ቄሶቹ ቀዩን አይተውት አያውቁም። ወላጆች ግን እናውቃለን፤ ሁላችንም በሷ እጅ ያለፍን ነን። የሰው ሠርግ ላይ ሳይቀር «አንተ ስንት አገኘህ?» እየተባባልን እንስቅ ነበር። ስንስቅ ኖርን፣ ልጆቻችንም ተራቸው ሲደርስ ጻፉ።

እኔ በአስር ዓመቴ መጀመሪያ ሦስት፣ ሳሟላ ስምንት አገኘሁ። የእናቴን ቀለበት ሰርቄ፣ አድርጌው ስንጎራደድ ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ገብቶብኝ ነበር። ቅዳሜ ለሽማግሌው ቄሳችን ተናዘዝኩ። እሑድ ቆረብኩ። እሑድ ከሰዓት እናቴ ነጭ ቀሚሴን ሳላወልቅ በቀበቶ ገረፈችኝ። ማን ነገራት? ብትሞትም አልነገረችኝም፤ ይኸው ሞታ ቀረች። ጨለማ ውስጥ በሹክሹክታ የነገርኩት ለሳቸው ነውና ቄሱ ናቸው አልኩ። ልጅ መምህሩን አይጠረጥርም፤ ካደግኩ በኋላም ጥርጣሬዬ እዚያው ደርቆ ቀረ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሃያ ስድስት ዓመት ኑዛዜ ገብቼ አላውቅም። ቅዳሴ እሄዳለሁ፣ የኋላው አግዳሚ ላይ እቀመጣለሁ፣ ሽማግሌው ሲያልፉ ፊቴን አዞር ነበር። የሞቱ ዕለት ቀብራቸው አልሄድኩም። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ደወሉን እየሰማሁ መኪናዬን ረገጥኩ።

አሁን ወደ ልጄ ልምጣ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አማቴ አምና ዳሌያቸው ተሰብሮ እኛ ጋ ሲመጡ አልጋዋን ለቀቀችላቸው፤ ለሷ ከስፌት መኪናዬ ሥር ፍራሽ ተነጠፈላት። ውሃ አምጪ፣ ትራስ አስተካክዪ፣ ፖፖ ድፊ፣ ሁሉም በዚያች ልጅ ላይ ወደቀ። እኔ ከመኪናው አልነሳ፤ ባሌ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፣ ከመንገድ አይመለስ። ልጅቷ አንድ ቀን አፍ አውጥታ አላጉረመረመችም። ወረቀቱ ላይ ግን ጻፈች፤ «አያቴ እንድትሞት ተመኘሁ።» ቀዩ ጠየቀ፤ «ለምን? ስንት ጊዜ?» አሟላች፤ «አልጋዬን ስለወሰደች። ሦስት ጊዜ።» ከአስር ዘጠኝ። ከክፍሉ አንደኛ። እየዘለለች መጥታ ዘጠኝ አገኘሁ አለችኝ። እኔም ጅሏ፣ ምን ጽፋ እንደሆነ እንኳ ሳልጠይቅ፣ ጎበዝ አልኳት።

ቲቸር ዐርብ ዐርብ የታመመ ትጠይቃለች። በዚያው ሳምንት ዐርብ፣ እኔ ልብስ ላደርስ ወጥቼ ሳለ፣ አማቴ አልጋ አጠገብ ተቀመጠች። አማቴ በኋላ እንደነገሩኝ፣ መቁጠሪያ አብረው ደገሙ። ከዚያ፣ ይቺ ልጅ በርስዎ ነገር ከክፉ ሐሳብ ጋር እየታገለች ነውና ይጸልዩላት፣ ቂም እንዳይዙባት፣ አለች። አማቴ ደግሞ ነገር ከጀመሩ ካላወጡ አይተኙም፤ ምን ዓይነት ሐሳብ አሉ። እሷስ ያልተሟላ መልስ መቼ ይሆንላታል? አሟላችላቸው። አልጋውንም፣ ሦስት ጊዜውንም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አማቴ ከልጄ እጅ ውሃ አልቀበል አሉ። አልጋሽን ውሰጂ፣ እኔ ወለሉ ይበቃኛል አሏት። ልጄ ወዲያው ገባት። መጀመሪያ መብላት ተወች፣ ቀጥሎ ቁርጡን ነገረችኝ፤ ኑዛዜ አልገባም፣ አልቆርብምም። ቀኑ ሊደርስ ሳምንት ቀርቶታል። ነጩ ቀሚሷ ተሰፍቶ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። አዲሱ ቄሳችን አባ እንደ ቲቸር አይደሉም ብዬ ልለማመጣት ሞከርኩ።

«አባስ አይናገሩም?» አለችኝ።

አይናገሩም ልበላት እንዴ? ለራሴ የማላምነውን? እናት ነኝ፤ አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚፈለግብኝ፣ እሱን አጣሁት። ልጄ ዓይን ዓይኔን አይታ መልሷን ከፊቴ ላይ አነበበችና ጀርባዋን ሰጠችኝ።

ወደ ቲቸር ክፍል ሄድኩ። የሆዴን ሁሉ ዘረገፍኩባት። ለልጅቷ ብዬ ነው፣ አያቷ እንዲጸልዩላት ብዬ ነው ትላለች እንጂ ጥፋቷ አይታያትም። ጠረጴዛዋ ላይ ያሉትን እስክሪብቶዎች ትደረድራለች። መደርደሯ ይበልጥ አበሸቀኝ።

«ዕድሜ ልክዎን ሰው ሲያርሙ ኖሩ፤ እርስዎን ማን ያርምዎት?» አልኳት።

በሩን ሳልዘጋው ወጣሁ።

እኔ ቄስ ደጅ አልረግጥም፣ ባሌ ሄደ። አሁን ያሉት አባ ከመጡ ሁለት ዓመት ቢሆናቸው ነው፤ ሲሰሙ ራሳቸውን ያዙ አለኝ። የታረሙትን ወረቀቶች በሙሉ ተቀብለው አቃጠሉ። ለቲቸርም፣ ይቺን ልጅ ይቅርታ ሳትጠይቂ ልጆች ፊት አትቆሚም አሏት። ሰባ ዓመት የሞላትን ሴት ለዘጠኝ ዓመት ልጅ! እኔ ግን ስሰማ አላዘንኩላትም። ትቅመሰው አልኩ።

ከኑዛዜው በፊት ባለው ዐርብ መጣች። ፀጉሯን አሲዛለች፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ይዛለች። ቁጭ ይበሉ አላልኳትም። ቤቴ የገባ ሰው ሳላስቀምጥ ሳስቆም የመጀመሪያዬ ነው፤ ሆን ብዬ ነው ያደረግኩት። ልጄ የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ቁልፍ ትተክላለች፤ ቀና አላለችም። አማቴ ከመጋረጃው ወዲያ ሳላቸውን ዋጡ።

ቲቸር ከቦርሳዋ ግማሽ ወረቀት አወጣች፣ ልጄ ፊት አስቀመጠች። ከወረቀቱ ጎን ቀዩን እስክሪብቶ።

«አርሚልኝ» አለች።

አንገቴን አስግጌ አነበብኩት። «የሰው ምስጢር አወጣሁ» ይላል፤ ሌላ የለውም። ልጄ ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች። እስክሪብቶውን አነሳችና ጎኑ ላይ በዚያች በጠማማ እጅ ጽሑፏ «የማን? ለማን? ስንት ጊዜ?» ብላ ጻፈች። ከሥሩ ከአስር ሦስት ሰጠቻትና ወረቀቱን ገፋችላት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ኃጢአት ነው፤ ቢሆንም ጠጣ።

ቲቸር ትከራከራለች፣ ወይ ትወጣለች ብዬ ነበር። የጨርቅ ጥቅሌ ላይ ተቀመጠችና ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ መጻፍ ጀመረች። ቶሎ ትጨርሳለች ስል አልጨረሰችም። ወረቀቱን ገለበጠችው። ስትጨርስ እንደ ፈተና ወረቀት በሁለት እጇ ለልጄ መለሰችላት።

ልጄ ድምፅዋን አውጥታ አነበበችው። አንደኛዋ ራሷ ነበረች፣ ለአያቷ፣ አንድ ጊዜ። ቀጥሎ የዳቦ ጋጋሪው ልጅ፣ ለአባቱ። የነርሷ ልጅ፣ ለአክስቷ፣ ሁለት ጊዜ። ሰባት ነበሩ። ከአንዳንዶቹ ጋር አብሬ ነው ያደግኩት። መጨረሻው መስመር ላይ ልጄ ዘገየች።

«የልብስ ሰፊዋ፣ ልጅ ሳለች፣ ለእናቷ። የቀለበቱ ነገር» ብላ አነበበችና «እማዬ፣ ልብስ ሰፊዋ አንቺ ነሽ?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ» አልኳት።

ልጄ እስክሪብቶውን ወደኔ አንከባለለችው። እንግዲያው ይኼን አንቺ ነሽ የምታርሚው አለችኝ። አላነሳሁትም። ቲቸር ተነሳች፣ ቀና ብላ ልታየኝ አልቻለችም፣ ለልጄ ብቻ ይቅር በይኝ አለቻትና ወጣች። አማቴ ሁሉንም ሰምተዋል። ልጄን ከመጋረጃው ወዲያ ጠሩና፣ ሦስት ጊዜ ብቻ ነው እንዴ፣ እኔ ራሴ ከዚያ በላይ ተመኝቻለሁ፣ በይ ውሃ ስጪኝ፣ አሏት። ልጄ ሳቀች፤ ሳቋን ከሰማሁ ሳምንት አልፎኝ ነበር።

በማግስቱ ልጄን አጠገቤ አስቀመጥኩና አባ አይናገሩም አልኳት። እንዴት አወቅሽ አለችኝ። የኔው አልተናገሩም ነበር አልኳት። ለኑዛዜ ያለ ወረቀት ሄደች።

ልጄ ተራዋን ስትጠብቅ እኔ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ዞርኩ። የሽማግሌው ቄስ መቃብር ላይ ሣር በቅሏል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት እንዲህ ነው፤ እኚህ ሰውዬ ቃሌን ይዘውልኝ አፈር ገቡ፣ እኔ ግን ፊቴን አዞርኩባቸው። ሣሩን ትንሽ ነቀልኩ። ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው፣ ሰው እንዳይሰማኝ ዙሪያዬን እያየሁ።

ተመልሼ ከልጆቹ ሰልፍ ኋላ ቆምኩ። በቁመት ነው የተሰለፉት፤ እኔ ግንብ መስዬ ከኋላ። አባ ከተናዘዝሽ ስንት ጊዜሽ ነው አሉኝ። ሃያ ስድስት ዓመት አልኩ። ሰው በሐሰት ጠላሁ አልኩና ልዘጋው ነበር፤ ማንም ሳይጠይቀኝ ምላሴ ብቻውን ቀጠለ። ማንን፣ ሽማግሌውን ቄስ። ለምን፣ ባላደረጉት። ስንት ጊዜ፣ እሑድ በመጣ ቁጥር። ምን ላድርግ፣ ያስተማረችኝ እሷ ነች።

እሷን ገና ይቅር አላልኳትም፤ ይኼንንም ለአባ ነግሬያቸዋለሁ። ወረቀቷ መሳቢያዬ ውስጥ ከመርፌዎቹ ጋር አለ፣ የኔው መስመር ላይ ቁጥር አልጻፍኩበትም። የኔ ኑዛዜ ግን የተሟላ ነበር። ከአስር አስር ይገባው ነበር፤ ለሷ አላሳየኋትም።