የማይደርቀው ጠብታ

የአባቴ ፒክአፕ በዕድሜ ትበልጠኛለች። መርሳ ውስጥ ድምጿን የማያውቅ የለም፤ እኔማ ተኝቼም ቢሆን ከሌላ መኪና እለያታለሁ። በማንጎ ወቅት ከሀብሩ ገበሬዎች ጓሮ ማንጎ እየጫነች ወደ ወልድያ ትመላለሳለች፤ ትምህርት በሌለኝ ቀን እኔም ከአባቴ ጎን እቀመጣለሁ። ያን ሰሞን የአማርኛ መምህራችን የጻፍኩትን ድርሰት ለክፍሉ ሁሉ አንብበውልኝ ስለነበር፣ ደብተር ሳልይዝ ከቤት መውጣት ትቻለሁ። ያየሁትን ሁሉ እጽፋለሁ። መንገድ የዘጋብን ፍየል እንኳ አልቀረም።

የመኪናዋ ሞተር መምታት ሲጀምርም ጻፍኩ።

መጀመሪያ የሰማነው ከግራና ከተማ ገበያ ጭነን ስንመለስ፣ ዳገት ላይ ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሽንብራ ሲበተን የሚሰማ ዓይነት ድምፅ። አባቴ እግሩን ከነዳጁ ሲያነሳ ይጠፋል፣ ሲጫነው ይመለሳል። ሬዲዮኑን ዘግቶ አዳመጠ። «ያ ረቢ» አለና እስከ ቤት ድረስ ቀስ ብሎ ነዳ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ትመታለች፣ አንድ ቀን ደግሞ ምንም እንዳልሆነች ትሄዳለች። በምትመታበት ቀን ጉልበቷም ይደክማል። አባቴ ካንዴላዎቹን ቀየረ፣ ካርብሬተሩን ፈቶ አጠበ፣ ለውጥ የለም። ማንጎው ግን እየበሰለ ነበር። ለገበሬዎቹ «እኔ አደርስላችኋለሁ» ብሎ ቃል ሰጥቷል፤ የበሰለ ማንጎ ደግሞ ዛፍ ላይ ቆይልኝ ቢሉት አይቆይም።

በመጨረሻ ወልድያ ወደሚገኙት መካኒክ ወሰዳት። አባቴ መሪ ከመጨበጡ በፊት ጀምረው ሞተር ሲፈቱ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። የረጅም ካቻቪት ጫፍ ሞተሩ ላይ አስደግፈው፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ። መኪናዋ ግን ቆማ ስለነበር፣ ጭነትም ስለሌላት ምንም አልተሰማቸውም። አባቴን ድምፁ እንዴት ያለ እንደሆነ ጠየቁት። አባቴ ፈርቶ ስለሰነበተ ነው መሰለኝ ነገሩን አከበደው፤ እንደ ዘነዘና ይወቅጣል አለ።

እንደዚያ ከሆነማ አሉ ሽማግሌው፣ የፒስቶኑን ዘንግ የሚይዘው ብሮንዚና ተበልቷል ማለት ነው፤ ሞተሩ መውረድ አለበት። ዕቃው ከአዲስ አበባ መጥቶ፣ ተገጥሞ፣ አንድ ወር ይፈጃል። አባቴ አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አለ። ከአንድ ወር በኋላ ማንጎ የለም። «እንግዲህ ይውረድ» አለ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

ሽማግሌው ቁልፎቻቸውን ጨርቅ ላይ እየደረደሩ፣ ለነገሩ ያህል፣ መቼ መቼ እንደምትመታ ጠየቁት። አባቴ ሁልጊዜ ነው አላቸው።

ታላላቆች ሲነጋገሩ መሐል መግባት እኛ ቤት የለም። እኔ ግን ደብተሩን ይዣለሁ፣ ደብተሩ ደግሞ «ሁልጊዜ» አይልም።

«አባ፣ ሁልጊዜ እኮ አይደለም» አልኩ።

ሁለቱም ዞሩ። ሽማግሌው «አንብቢው እስቲ» አሉኝ። አነበብኩላቸው። ከማደያ በቀጥታ ቀድተን በሄድንባቸው ቀናት አልመታችም። የመታችው ሁሉ ቤት ካለው ቢጫ ጀሪካን በቀዳን ማግስት ነው። ድምፁንም እንደጻፍኩት ተናገርኩ፦ ሽንብራ እንጂ ዘነዘና አይደለም። ስጽፈው ይህን አላስተዋልኩም ነበር፤ ጮክ ብዬ ሳነበው ነው ለራሴም የታየኝ።

የነዳጅ ሰልፍ ሲረዝም እንዳንቆም አባቴ ያገኘ ቀን ጀሪካን ሞልቶ ያስቀምጣል። ሽማግሌው ጀሪካኑ ምን እንደነበረበት ሲጠይቁት ተቆጣ ማለት ይቻላል። ቤንዚን ነዋ፣ ሌላ ምን ይኖርበታል አላቸው።

ከደብተሬ ባዶ ገጽ አስገለጡኝ። ከመኪናዋ ሰልባትዮ በቀጭን ጎማ ነዳጅ ስበው አንድ ጠብታ ጣል አደረጉ፤ አጠገቡ እሳቸው ዘንድ ካለው ንጹሕ ቤንዚን ሌላ ጠብታ። ሦስታችንም ወረቀቱ ላይ አጎነበስን። የእሳቸው ጠብታ ደረቀና ጠፋ። የእኛው ቅባት ሆኖ ቀረ።

«ነጭ ጋዝ ነው» አሉ። «ጋዝ የተቀላቀለበት ቤንዚን ጊዜውን ሳይጠብቅ ይነድዳል። የምትሰሙት እሱን ነው። ሞተርህ ደህና ነው፣ አንተ ሰው። ሐኪም ጎንህ አስቀምጠህ ነው እኔን የምታለፋኝ?»

አባቴ ለእናቴ ደወለ። እሷም ረጋ ብላ ነገረችው፦ ጎረቤታችን ለልጇ ሠርግ ምድጃ ነጭ ጋዝ መግዣ ጀሪካኑን ባዶውን ተውሳ ነበር። ሠርጉ አለፈ፣ ጋዙ ተረፈ። በእኛ ሰፈር ደግሞ የተዋሱት ዕቃ ባዶውን አይመለስም፤ ሳህን ሄዶ ከፓፓያ ጋር ይመጣል፣ ቁና ሄዶ ከእፍኝ ጤፍ ጋር። ጎረቤታችንም ባዶ ጀሪካን መመለስ አፍራ፣ ከተረፋት ጋዝ የጀሪካኑን ሲሶ ያህል ትታበት መለሰች። እናቴ ደግ አደረገች ብላ ከቦታው አኖረችው። አባቴ የራሱ ትራፊ መስሎት ቤንዚን ሞላበት።

ስልኩን ሲዘጋ መሳቅ ጀመረ። ሳቁ ሽማግሌውንም ያዛቸው።

ሰልባትዮው ተገለበጠ፣ ማጣሪያው ተቀየረ፣ ንጹሕ ቤንዚን ገባ። በማግስቱ ማንጎ ጭነን ዳገቱን ስንይዝ አባቴ ሬዲዮኑን ዘጋ። እኔም አዳመጥኩ። የራሷ የድሮ ድምፅ ብቻ ነበር።

ለጎረቤታችን ማንም ምንም አልነገራትም። አባቴ ለውሰት ብቻ የሚሆን ሰማያዊ ጀሪካን ገዝቶ በር ላይ ሰቀለ፤ ባለፈው ሳምንት ሄዶ በማር ጠጅ ተመልሷል ብል ውሸት ነው፣ በአሬራ ነው የተመለሰው።

ያን ቀን ዳገቱን እንደጨረስን አባቴ «ይኸንንም ጻፊው» አለኝ። ጠብታው ያለበትን ገጽ ገልጬ፣ «ጭነን ወጣን፣ አልመታችም» ብዬ ጻፍኩ። ቅባቱ ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬ አዳልጦት አንድ ፊደል ዘሏል። አላረምኩትም።