ከመርፌው በኋላ ስግደት የለም

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አምቡላንሱን ስከፍት ዘጠኝ ሰው ተቀምጦበት አገኘሁ። የታመመው አንድ ነው።

መንግሥት በተለወጠ ሰሞን ነው። የላሊበላ ሆስፒታል የነርሶች አለቃ፣ ሜትሮኗ፣ ጠርታኝ፣ “አራተኛ ክፍል ደርሰሻል፤ ማንበብ ትችያለሽ፤ ሰው አትፈሪም። ከዛሬ ጀምሮ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ሪፈር የተባለ ሕመምተኛ ታደርሺያለሽ” አለችኝ። እንዲህ ሆኜ አጃቢ ሆንኩ።

“የታመመው ማነው?” አልኩ። ሁሉም አንድ ሽማግሌ ጠቆሙ።

“ሌላው ውረድ።”

“እኔ ወንድሙ ነኝ።” “እኔ አማቹ ነኝ።” “እኔ እንኳ እስከ ጋሸና ብቻ ነኝ።”

“አምቡላንስ የጋሸና ታክሲ አይደለም፤ ውረድ!”

ከወንድሙ በስተቀር ሁሉንም አወረድኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ “ወይዘሮ ውረድ” ሆኖ ቀረ። በየግምገማው “ግትር ናት፤ ከሕዝብ ጋር ተግባብታ አትሠራም” ይሉኛል። “ሕዝብ ማለት የወረደው ነው ወይስ የተኛው?” ብዬ እጠይቃለሁ። ግትር መባሌ ብቻ ይጻፋል።

በኋለኞቹ ዓመታት ሕመምተኛ የማደርስበት አንድ ካሜራ ነበር። አዲስ አበባ፣ ከአንድ ሆስፒታል ምድር ቤት። ሕመምተኛው ጠዋት ጨረር ያለበት ጠቋሚ መድኃኒት ክንዱን ይወጋል። መድኃኒቱ በደም ሄዶ ሕያው ዕጢ ካገኘ እዚያ ይሰበሰባል፤ ካሜራው የተሰበሰበበትን አብርቶ ያሳያል። ከውጭ በአውሮፕላን የሚመጣ ነው፤ ለነገ ቢያስቀምጡት በራሱ ይደክማል። ስለዚህ በመጣበት ቀን ተራ ለደረሰው ብቻ ይከፋፈላል። የተወጋ ሰው ብቻውን ክፍል ውስጥ ይቀመጣል፤ ውኃ ይጠጣል፤ አይንቀሳቀስም። ይኸው ነው። ይሄን ማድረግ ያቃተው ስንት ሰው መሰላችሁ!

መሪጌታ ኃይሉ የላሊበላ ዜማ መምህር ናቸው። ካንሰር ንፍፊታቸው ላይ ወጥቶ አንገታቸው አበጠ። አዲስ አበባ ያለው ሐኪም በእርዳታ የመጣ አዲስ መድኃኒት ጀመረላቸው። “ይሄ በሽታውን ራሱ አይገድለውም፤ የሰውነትዎን ዘብ ቀስቅሶ ያስገድለዋል” አላቸው። ሁለት ጊዜ ወሰዱ። አንገታቸው ጭራሽ ባሰበት።

ቤተሰቡ ተንጫጫ። “መድኃኒቱ ነው ያሳበጣቸው፤ ይቅርባቸው” አሉ። ሐኪሙ ግን እንዲህ አለ፦ “እብጠቱ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ወይ በሽታው አድጓል፤ ወይ ዘቡ ገብቶ እየተዋጋ ነው። በእጄ ዳስሼ ልለየው አልችልም፤ በካሜራው ይታይ። መድኃኒቱ ጥቂት ነው፤ ካልሠራላቸው ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ። ሥዕሉን ሳላይ ሦስተኛውን አልሰጥም።”

በዚያው ጉዞ የእኛው አገር የኮኗ ጥሩወርቅም አብራን ነበረች። ምስር የምትዘራ፣ አራት ልጆች ያሏት ሴት ናት። በሽታዋም መድኃኒቷም ያው የመሪጌታ ነው። የካሜራው ተራ ለመሪጌታ በዚያ ሳምንት፣ ለእሷ በቀጣዩ ወጣ።

ወቅቱ ሁዳዴ ነው። መሪጌታ “እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ አልቀምስም” አሉ።

“መሪጌታ፣ የሚወጉት ጠቋሚ መድኃኒት በሽንት መውጣት አለበት።”

“ይውጣ፤ ማን ከለከለው?”

“ያለ ውኃ በምን ይውጣ?”

“አንቺ ወይዘሮ ውረድ፣ ደግሞ ከጾም ልታወርጂኝ ነው?”

ላሊበላ ለንስሐ አባታቸው ደወልኩ። “ይጠጡ፤ ፈቅጄላቸዋለሁ” አሉ። ጠጡ። ስለ ውኃ ይሄን ያህል ስንነታረክ ስለ ስግደት ማንም ምንም አላነሣም።

ካሜራውን የሚያንቀሳቅሰው ዳዊት የሚባል ወጣት ነው። ሥዕሉ ሲወጣ ፊቱ ተለዋወጠ። ጭናቸው፣ ወገባቸው፣ ትከሻቸው ሁሉ በርቷል።

“አባቴ፣ ከተወጉ በኋላ ምን ሲሠሩ ነበር?”

“ምንም አልሠራሁም።”

“ወጥተው ተራምደዋል?”

“ከክፍሉ ፈቀቅ አላልኩም። ጸሎቴን አደረስኩ፤ የዕለቱን ሰገድኩ።”

“ይረፉ ብዬዎት ነበር እኮ!”

“አርፌያለሁ። ስግደት ሥራ ነው እንዴ?”

ዳዊት ወደ እኔ ዞረ። “የሠራ ጡንቻ የተወጉትን መድኃኒት ይሻማል፤ የአንገታቸውን ማንበብ አይቻልም” አለኝ። የምጮኽበት ሰው ፈለግሁ፤ አጣሁ።

ሐኪሙ ተጠርቶ መጣና ሥዕሉን አይቶ ራሱን ያዘ። “ይደገም። ግን ተራው እስከ ትንሣኤ ማግሥት ሞልቷል።” ጥቂት አሰበና፣ “እትዬ፣ በሚቀጥለው ሳምንት በጥሩወርቅ ተራ ቢገቡስ? ያንድ አገር ሰዎች ናችሁ፤ ተነጋገሩበት” አለኝ።

“እሷስ?”

“እሷ ወደ ኋላ ትሄዳለች።”

“እሷ ምን አጠፋች?”

“የእሳቸው እብጠት ወደ ጉሮሮ እየገፋ ነው።”

“የእሷ ብብት ውስጥ ነው። ስለማይታይ ነው?”

የባሰው ግን የመጣው ከራሷ ከጥሩወርቅ ነው። ነጠላዋን አጣፍታ ቀረበችኝ።

“እትዬ፣ እኔ ተራዬን ለአባታችን ትቻለሁ። በረከት ነው።”

“በረከቱን ልጆችሽ ይበሉታል?”

“ኧረ እትዬ፣ እንዲህ አይባልም! ይሰማሉ።”

“ይስሙ!”

መሪጌታ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። ሁሉንም ሰምተዋል፤ ቃል አልወጣቸውም። ሄጄ ፊት ለፊታቸው ቆምኩ።

“መሪጌታ፣ ይናገሩ እንጂ። ሴትዮዋ የምትሰጠው እርስዎን ፈርታ ነው። እርስዎ ዝም ካሉ ወሰዱ ማለት ነው።”

“እኔ አልጠየቅኋት።”

“እምቢም አላሏት።”

መቁጠሪያው ቆመ። “ብሞትስ?” አሉኝ። ያን ያህል ዘመን ሳውቃቸው ድምፃቸው እንዲያ አንሶ ሰምቼው አላውቅም።

“እሷስ ብትሞት?” አልኳቸው።

ጥሩወርቅ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። መሪጌታ መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

“ትግባ” አሉ።

ከዚያ በኋላ የነበረውን ጊዜ ቀላል ነበር አልልም። እብጠቱ አልጎደለም፤ ምራቅ መዋጥ አስቸገራቸው። በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሰሙነ ሕማማትን ከላሊበላ ውጭ፣ አዲስ አበባ ኪራይ ቤት አሳለፉ። ልጃቸው ደውሎ “አባቴ አንድ ነገር ቢሆን የገደልሽው አንቺ ነሽ” ብሎ ጮኸብኝ። ጨርሶ እስኪዘጋ ድረስ ስልኩን ከጆሮዬ አላነሣሁም።

ተራቸው የደረሰው በበዓለ ሃምሳ ነው። ከተወጉ በኋላ በሩን ገርበብ አድርጌ፣ “መሪጌታ!” አልኳቸው።

“አትድከሚ። በበዓለ ሃምሳ ስግደት የለም። ቤተ ክርስቲያንም ላንቺ ወገነች” አሉኝ። ውኃውን ሳይጨቃጨቁ ጠጡ።

በሁለተኛው ሥዕል አንገታቸው ውስጥ የበራ ነገር እምብዛም አልነበረም። “ያሳበጠው ዘቡ ነው፤ መድኃኒቱ ሠርቷል” አለ ሐኪሙ። ሦስተኛው ተሰጣቸው። በዓመቱ ተማሪዎቻቸውን ሲቆጡ ከውጭ ሰማሁ፤ ጉሮሯቸው ምንም አላለም።

ጥሩወርቅ በራሷ ቀን የተነሣችው ሥዕል ደግሞ ሌላ ነገር አሳየ። መድኃኒቱ ለእሷ አልሠራም፤ በሽታው እየተስፋፋ ነው። ሐኪሙ በዚያው ሳምንት በሌላ ቀየረላት። እስከ በዓለ ሃምሳ ብትጠብቅ ኖሮ በሽታው ያን ሁሉ ጊዜ ያለ ከልካይ ይሄድ ነበር።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ኮን ገበያ ምስር ስትሸጥ አገኘኋት። አቅፋ አገላብጣ ሳመችኝ። የልጆቿን ሁኔታ አንድ በአንድ ነገረችኝ። ከዚያ፣ “ግን እትዬ፣ ያኔ ለአባታችን መልቀቅ ነበረብኝ” አለችኝ። እዚያው ገበያው መሃል ተጣላን።

እናንተ የአሁኖቹ አጃቢዎች፣ ሥራው እንዴት ነው የሚሠራው ብላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። የተወጋን ሰው “ይረፉ” ብላችሁ አትተዉት፤ “አይስገዱ” በሉት። ተራን ደግሞ ባለቤቱ ልስጥ ቢል እንኳ፣ የሚሰጠው ለሚፈራው ሰው ከሆነ አትቀበሉት።