የወይዘሮ ጥሩወርቅ ካባ

ባለፈው ወር እንጅባራ አጠገብ የድሮ ዘመን ድራማ ሲቀረጽ ለዘገባ ሄጄ ነበር። የአልባሳት ኃላፊዋ ከሣጥን ውስጥ ጥቁር የከፋይ ካባ ስታወጣ የናፍታሊኑ ሽታ አፍንጫዬን መታው፤ ዳይሬክተሩ ስለ ሹመት ሽሚያና ስለ ቀረ ፍቅር ሲያስረዳኝ፣ እኔ ከተማዋ ገና ቆሰበር ወደምትባልበት፣ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ወደነበርኩበት ዓመት ሄጄ ነበር።

የጥርባ መንደር ተወላጅ የሆኑት መምህራችን ልየው ለትምህርት መዝጊያው በዓል ቴአትር ጽፈው ነበር፤ ሹመት ያሰከረው ደጃዝማች የአንድን ድሃ ጸሐፊ እጮኛ ሲነጥቅ የሚያሳይ። በክፍላችን ከነበርነው ሁለት ሴቶች አንደኛዋ ሰው ፊት ስትቆም ስለምታለቅስ እጮኛይቱ እኔ ሆንኩ። ደጃዝማቹ በከሰል የተሳለ ጢም ነበረው፤ በላብ እየወረደ አገጩ ላይ ይደርስ ነበር።

በከተማው ግን ሌላ ነገር በሹክሹክታ ይወራ ነበር። የወረዳው ገዥ የፊታውራሪ ደምስ ባለቤት ወይዘሮ ጥሩወርቅ ቀድሞ ለመምህር ልየው ታጭተው ነበር፤ ፊታውራሪው ከማርቆስ ተሹመው ሲመጡ እጮኝነቱ ፈረሰ ይባላል። ይባላል እላለሁ፤ አረጋግጬ አላውቅም። ብቻ የገዥው አሽከሮች ልምምዳችንን በቀርከሃው አጥር ቀዳዳ ያዩ ጀመር፤ ገዥው በአንድ ደብዳቤ መምህር ማስነሳት እንደሚችሉ ሁሉም ስለሚያውቅ፣ መምህሩም ሰው ባለፈ ቁጥር ድምፃቸውን ይቀንሱ ነበር።

ልብስ ከየቤታችሁ ተዋሱ በተባልን ማግስት በገዥው ግቢ በኩል ሳልፍ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ራሳቸው ጠሩኝ። በአዊኛ የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠይቀው የታጠፈ ጥቁር የከፋይ ካባቸውን በአጥሩ ላይ አቀበሉኝ።

«ማን ሰጠሽ ቢሉሽ የእኔን ስም እንዳታነሺ፤ አደራ» አሉኝ።

በበዓሉ ቀን ለብሼው ስቆም መምህር ልየው አዩት። ጠርዙን በጣታቸው ነካ አድርገው ወደ መድረኩ ገፋ አደረጉኝ። ፊት ለፊት የተቀመጡት ፊታውራሪም አዩት፤ የሚወዘውዙት ጭራ ቆመ። ቴአትሩ እስኪያልቅ አጠገባቸው ወደተቀመጡት ሚስታቸው ዞር አላሉም።

ሲያልቅ አስጠሩኝ። ሳይቆጡ ጠጉሬን ዳበስ አደረጉ።

«ጎበዝ ነሽ፣ የኔ ልጅ። ካባውም ያምርብሻል። መምህርሽ አይቶታል?»

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«ምን አለ?»

«ምንም አላሉም።»

«ምንም» አሉ ቀስ ብለው፣ አጠገባቸው የቆመውን ጸሐፊያቸውን እያዩ።

በሳምንቱ መምህር ልየው ወደ ሩቅ ቆላ ተዛወሩ። በዳንግላ መንገድ የጭነት መኪና ላይ፣ ጆንያ መሃል ተቀምጠው ሲሄዱ ለሁላችንም እጃቸውን አወዛወዙ፤ ለእኔም ጭምር። ትምህርት ቤቱ እኔ እስክለቅ ሌላ ቴአትር አላሳየም። ወይዘሮ ጥሩወርቅም ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ካዩኝ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሳብ ያደርጉ ነበር።

ከዚያ በፊት የሚያመሰግነኝን ሰው ሁሉ አምን ነበር፤ ያ እምነት እዚያ ቀረ። በሥራዬም ዛሬ ድረስ በለሰለሰ ድምፅ የሚጠይቅ ሹም ሲገጥመኝ እጠረጥራለሁ። ለፊታውራሪው የመለስኩት ሁሉ እውነት ነበር፤ እሳቸው የመምህሩን ዝምታ ካባውን ራሳቸው እንዳስመጡት ምልክት አድርገው ወሰዱት። ካባውን ያስመጡት መምህሩ መሆን አለመሆናቸውን ግን አልጠየቁኝም፤ ልናገር ብል ደግሞ ወይዘሮዋን አሳልፌ መስጠቴ ነበር። ሁለቱንም የሚያድን መልስ ብዙ ጊዜ ፈልጌአለሁ፤ አላገኘሁም።