ያልተነጠፈው አልጋ

እናቴ የቀኝ ዓይኗ ሞራ ተገፎላት ከክሊኒክ ስትወጣ ሐኪሙ የሰጠን ትእዛዝ አጭር ነበር። ለሰባት ቀን ማጎንበስ የለም፣ ከባድ ነገር ማንሳት የለም፣ አቧራና ጭስ የለም፣ ጠብታው በየአራት ሰዓቱ። ግራ ዓይኗን የዓይን ግፊት ከወሰደው ቆይቷል። ስለዚህ የቀረቻት ዓይን ያቺ ቀኟ ብቻ ነበረች። ሐኪሙ ወደ እኔ ዞር ብሎ፣ ቁስሉ ሳይጠና ካጎነበሰች የተተካው ሌንስ ከቦታው ሊንሸራተት እንደሚችል ነገረኝ። እሷ ትስማው አትስማው አላውቅም። እኔ ግን ሰባት ቀን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣም።

የት እናሳርፋት? ፉሪ ያለው ቤቷ ደጃፍ ላይ መንገድ እየተቆፈረ ነው፤ አቧራው በተዘጋ መስኮት ይገባል። ደግሞ እዚያ ዶሮዎቿና ጎመኗ አሉ፤ እናቴ ጎመን አይታ ሳታጎነብስ የምታልፍ ሰው አይደለችም። እኔ የምኖረው ጎፋ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። ስለዚህ ዶሮዎቹን ለጎረቤት አደራ ብለን፣ ብስራተ ገብርኤል አካባቢ ከክሊኒኩ በእግር አምስት ደቂቃ የሚርቅ ሆቴል ውስጥ ለአንድ ሳምንት ክፍል ያዝኩ። የሆቴሉ ክፍሎች ሁሉ ስዊት ናቸው፤ መኝታ ቤት፣ ሳሎን፣ ትንሽ ማድ ቤት። እናቴ ስትሰማ፣ ቤት ያለው ሰው በገዛ አገሩ ሆቴል ያድራል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ያድራል አልኳት። ገብታ ሶፋዎቹን በእጇ ዳሰሰችና፣ እንግዳ የማይመጣበት ሳሎን ምን እንደሚሠራ ጠየቀችኝ።

ሆቴሉ የሰው ጎርፍ ነው። ጠዋት ጠዋት ባጃቸውን አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ተሰብሳቢዎች ሎቢውን ይሞሉታል፣ ቀትር ላይ ሻንጣ የሚጎትቱ ይተኳቸዋል፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ሰርገኞች ናቸው። እናቴ በዚያን ጊዜ ሰውን የምታየው እንደ ጥላ ብቻ ነው። ዓይኗ አብጧል፤ እብጠቱ ሲጎድል፣ ምናልባት በሳምንቱ መጨረሻ፣ ይጠራል ተብለናል። ቢሆንም ሊፍት ውስጥ ጥላውን ሁሉ «እንደምን አደራችሁ» ሳትል መቆም አልሆነላትም። የመጀመሪያው ቀን ሁሉም የፎቁን ቁጥር እያየ ዝም አለ። እኔም አብሬ ቁጥር አየሁ፣ አፈርኩና። በአራተኛው ቀን ግን አንድ ከረባት ያሰረ ሰውዬ በሩ ገና ሲከፈት «እማማ፣ ዓይንዎ እንዴት አደረ?» ብሎ ቀደማት።

ቁርስ ላይ ደግሞ ባዶ ሳህን ይዛ ቆማ ቀረች። ምን ሆነሻል ብላት፣ ማንም ብሉ አላለንም አለችኝ። ሳይጋበዝ እጁን ወደ ሰው ገበታ የሚሰድ ልጅ አላሳደገችም፣ እሷ ራሷ እንዴት ታድርገው? አስተናጋጁን ጠርቼ፣ እባክህ ብሉ በላት አልኩት። አላሳፈረኝም። «ይብሉ እንጂ እናቴ፣ ምነው?» አላት፤ እሷም እንደ ወጉ አንዴ እንቢ ብላ ሁለተኛ ሲለምናት አነሳች። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ እንዲሁ ሆነ፣ እሱም ተዋጣለት።

እውነቱን ለመናገር እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። እናቴና እኔ ለብቻችን አንድ ሳምንት ተቀምጠን አናውቅም፤ ሁልጊዜ በመካከላችን ልጅ፣ ጎረቤት፣ ወይም ድስት አለ። አሁን የሚፈላ ድስት የለም፣ የሚጮህ ዶሮ የለም፣ ውሃው ሌት ተቀን ሙቅ ነው። ከሰዓት በኋላ ሳሎኑ ውስጥ ቁጭ ብለን እሷ የድሮውን ፉሪ፣ አያቴ ጤፍ የሚዘሩበትን መሬት ሁሉ ጥግ በጥግ ታወራኛለች። ዛሬ የቱ ፎቅ በየትኛው ማሳ ላይ እንደቆመ ከእኔ በላይ ታውቃለች።

ፎቃችንን የሚያጸዱት ሴትዮ ስድሳ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ ሽበታቸውን በሰማያዊ ሻሽ የሸፈኑ ናቸው። ሆቴሉ ከተከፈተ ጀምሮ እዚያ አሉ፤ የፎቁን ሠራተኞችም የሚያዙት እሳቸው ናቸው። ድምፃቸው ግን ቀጭንና ጥርት ያለ የኮረዳ ድምፅ ነው። መጀመሪያ ቀን በሩን አንኳኩተው ሲገቡ እናቴ ድምፁን ሰምታ፣ «ግቢ ልጄ፣ አትፍሪ» አለቻቸው። ላርማት አፌን ስከፍት ሴትዮዋ ሌባ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ፈገግ አሉ። እናቴም ቀጠለች፦ የማን ልጅ እንደሆነች፣ ስንተኛ ክፍል እንደደረሰች፣ ባል እንዳላት ጠየቀች፤ ባል ፈልጊ፣ ለታላላቆችሽ ታዘዢ ብላም መከረች። ሴትዮዋ አንዱን በአዎ፣ ሌላውን በሳቅ እያለፉ አንሶላውን ቀየሩ። በኋላ ኮሪደር ላይ ይቅርታ ስጠይቃቸው የልጅ ልጆች እንዳሏቸው ነገሩኝና፣ ተያት፣ ደስ ይለኛል አሉኝ።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ሳሎን ካለው ሶፋ ላይ ነቅቼ ወደ መኝታ ቤቱ ስገባ አልጋው ተነጥፏል። እንዲያው ተነጥፏል ማለት ያንሰዋል፤ አንሶላው ተወጥሮ በአራቱም ጥግ ከፍራሹ ሥር ገብቷል። ፎጣዎቹ ተጣጥፈዋል፣ መታጠቢያ ቤቱ ደርቋል። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ፍራሽ ሥር አንሶላ ለማስገባት ስንት ጊዜ እንደሚጎነበስ ሳስበው ጮህኩባት። እሷ ግን የገባት ሌላ ነው።

«በሰው ቤት አድሬ አልጋዬን ሳላነጥፍ ልውጣ? ምን ብለው ይሙኝ?»

ይሄ ቤት አይደለም፣ ሆቴል ነው፣ የሚያነጥፍ ሰው አለ ብዬ አስረዳኋት። እንግዳ ሸክም መሆን የለበትም አለች። ሐኪሙን አስታወስኳት። ቀስ ብዬ ነው ያደረግኩት አለች። በሦስተኛው ቀን ቀድሜያት ልነቃ በስልኬ ማንቂያ ደወል ሞላሁ፤ እሷ ግን ሕይወቷን በሙሉ ዶሮ የቀደመች ሴት ናት። ስነሳ አልጋው እንደ ጠረጴዛ ለጥ ብሏል፣ ዓይኗም ደም መስሏል።

ክሊኒክ ይዣት ሮጥኩ። ሐኪሙ አጎንብሰዋል ወይ ብሎ ሲጠይቃት ፊት ለፊቱ ካደች። በመሣሪያው ብዙ ጊዜ ወስዶ አያት። ሌንሱ ከቦታው አልተነቃነቀም፣ ግን ቁስሉ ተቆጥቷል፤ እንዲህ እየሆነ ከቀጠለ ዋስትና አልሰጥም አለኝ። የማየት ነገሯ በዚያች ቁስል ላይ ተንጠልጥሎ እያለ ስለ አንሶላ መከራከሬ አናደደኝ። እኔ ስናደድ የማለቅስ ሰው ነኝ። እናቴን ክፍል አስገብቼ ኮሪደር ላይ ግድግዳ ተደግፌ ሳለቅስ ሴትዮዋ ጋሪያቸውን እየገፉ መጡ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ጥቂት አሰቡና፣ ለእኔ ተይልኝ አሉኝ።

ገብተው እናቴ ፊት ቆሙ።

«እማማ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት» አሉ በዚያ ቀጭን ድምፃቸው። «እኔ ለሥራው አዲስ ነኝ፣ ሙከራ ላይ ነኝ። አለቃዬ በየጠዋቱ እየዞረች ታያለች። የእርስዎ አልጋ ተነጥፎ ስታገኘው፣ ሥራዋን እንግዳ እየሠራላት ነው አለች። ሳምንቱ ሲያልቅ ትቆይ ወይስ ትሂድ ተብሎ ይወሰንብኛል።»

እናቴ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «በሞትኩት። እንጀራሽ ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ?»

ሁለት ቀን ሙሉ ስለ ገዛ ዓይኗ ስለምናት ያልሰማችኝ ሴት፣ የሰው እንጀራ ሲሆን በአንድ ቃል ተገታች። ተናደድኩ ወይስ ደስ አለኝ? ሁለቱም። አራተኛው ቀን ጠዋት ስገባ አልጋው እንደተዘበራረቀ ነው፤ እናቴ ወንበሯ ላይ ሆና ጀርባዋን ሰጥታዋለች። መቼም ማየት ባትችልም እዚያ መኖሩ አስጨንቋታል። በአምስተኛው ቀን ጭራሽ ተሻሻለች። አንዱን ትራስ መሬት ላይ ጣዪው፣ ብርድ ልብሱንም አንድ ጎኑን ጎትቺው አለችኝ። እንዳለችኝ አደረግኩ። «በደንብ ተዝረክርኳል?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ተዝረክርኳል አልኳት። አለቃዋ ከሩቅ ታየው ዘንድ የመኝታ ቤቱን በር ወለል አድርጌ እንድከፍተውም አዘዘችኝ።

ነገሩ በዚህም አላበቃም። ለልጅቷ መጸለይ ጀመረች። ሊፍት ውስጥ ለከረባታሙ ሰውዬ ስለ ሙከራው ነገረችው፤ እሱም ከልቡ አዘነ። ስድስተኛው ቀን እሁድ ነበርና ሎቢው በሰርግ ደምቋል። እናቴ ሙሽራዋን ሳታያት እልል ስትል ቆየችና፣ እግረ መንገዷን ሪሴፕሽን ጋ ሄዳ፣ እኛ ፎቅ ላይ ያለችው ልጅ ጎበዝ ናት፣ አደራ እንዳትለቋት አለች። የሪሴፕሽኗ ወጣት ግራ ገብቷት ወደ እኔ አየች። ከእናቴ ጀርባ ሆኜ በዓይኔ ለመንኳት። ኪቦርዱን ጥቂት ነካካችና፣ «እሺ እናቴ፣ መዝግበነዋል» አለቻት። እግዜር ይስጣት፣ የሆቴል ሰው ብልሃቱ ብዙ ነው።

እኔ ግን በዚያ ሌሊት ሌላ ፍርሃት ገባኝ። ዓይኗ ከተሻላት ውሸቱ ይገለጣል። እናቴ ደግሞ ኩሩ ሴት ናት፤ እንደ ሕፃን አታለላችሁኝ ብላ ልትቀየም ትችላለች። ይሁን፣ ትይና ትቀየም አልኩ።

በሰባተኛው ቀን ጠዋት መስኮቱ ጋ ቆማ አገኘኋት። ዞር ሳትል መናገር ጀመረች። ማዶ ካለው ሕንፃ ሰገነት ላይ ቀይ ብርድ ልብስ ተሰጥቷል፣ ከታች ታክሲዎቹ ተሰልፈዋል፣ አንዷ ሴትዮ ጃንጥላ ይዛ መንገድ ልትሻገር ፈርታ ቆማለች። ወደ መስኮቱ ሄጄ አየሁ። ሴትዮዋ እውነትም እንደፈራች ቆማለች። ካልተነጠፈው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

ያኔ በሩ ተንኳኳ። እናቴ «ግቢ ልጄ» አለችና ወደ በሩ ዞረች። ሴትዮዋ ንጹሕ አንሶላ በክንዳቸው ላይ ደርበው ገቡ። እናቴ አየቻቸው። ከሻሹ ጠርዝ ያፈተለከውን ሽበት አየች፣ የፊታቸውን መስመር፣ ጅማታቸው የወጣውን እጅ አየች። እኔንም አንዴ አየችኝ፣ ማወቄን ለማወቅ። ጎንበስ ብዬ ጣቶቼን ቆጠርኩ። በዚያች አፍታ ባል ፈልጊ ያለችውን፣ ለታላላቆችሽ ታዘዢ ያለችውን ሁሉ እያስታወሰች ይመስለኛል፤ ጆሮዋ ሥር ቀላ።

ነጠላዋን አስተካከለችና ለእኩያዋ እንደምታደርገው ራሷን ዝቅ ልታደርግ ስትል ሴትዮዋ ሮጠው ትከሻዋን ያዟት።

«ዛሬም አያጎነብሱም» አሏት።

«ሙከራውስ?» አለች እናቴ ተይዛ እንደቆመች።

«አለፍኩ» አሉ ሴትዮዋ፣ ያቺን አንዲት ዓይኗን ትክ ብለው እያዩ።

እናቴ ሳቀች። እንባዋም መጣ፤ ለዓይኗ መጥፎ ነው ብዬ ጨርቅ ሰጠኋት። ከዚያ እኛን ገፋ አድርጋ ወንበሯን ወደ አልጋው አዙራ ተቀመጠች። ሴትዮዋ አሮጌውን አንሶላ ገፈው አዲሱን ሲዘረጉ እኔ በወዲያኛው ጎን ሆኜ ያዝኩላቸው። እናቴ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ ትከተላለች። ስድስት ልጅ ያሳደገች፣ የስንቱን እንግዳ መኝታ ያሰናዳች ሴት ናት። ሰው ለእኔ አልጋ ሲያነጥፍልኝ አይቼ አላውቅም አለች፣ ለራሷ እንደምታወራ፣ በዝግታ። ሴትዮዋ ትራሱን ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ በእጃቸው አለሰለሱት።

ጨረስን ብዬ ቀና ስል እናቴ ወደ እኔ በኩል ጠቆመች።

«እዚያ ጥግ ላይ ተጨማዷል» አለችኝ።

ጠጋ ብዬ ፈለግኩት። ነጭ በነጭ ላይ ነው፣ የክር ያህል ቀጭን። ልክ ነበረች።